ከክኒኑና ከምክክሩ የትኛውን ልተው?

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት መምህርት ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ዓመት እናቴ ደብረ ታቦር ውስጥ በጠና ታማ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሳልደርስላት ዐረፈች፤ ቀብሯ ላይም አልቆምኩም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ የማስተምረው ይጠፋብኝ ጀመር። የሥራ ባልደረባዬ ሆስፒታል ወሰደችኝ፤ ድባቴ ነው ተብሎ ሰርትራሊን የተባለ ክኒን ታዘዘልኝ። ከወር ከመንፈቅ በኋላ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ በየሳምንቱ መሄድ ጀመርኩ። አሁን ክኒኑን ከጀመርኩ አምስት ወር ሊሞላኝ ነው፤ እተኛለሁ፣ አስተምራለሁ፣ በጣም ተሽሎኛል። ባለቤቴ ግን የሁለቱን ወጪ አልቻልነውም፣ የሚያድንሽን አንዱን ይዘሽ ሌላውን ተዪ ይለኛል። አማቴ ክኒኑን ትቼ ለሁለት ሱባኤ አንዳሳ ጸበል እንድገባ ትፈልጋለች። ሐኪሙ ስለ ምክክሩ፣ ባለሙያዋም ስለ ክኒኑ ጠይቀውኝ አያውቁም። ክኒኑ ሱስ እንዳይሆንብኝም እፈራለሁ። የትኛውን ልተው?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእናትዎን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን፤ እርስዎንም ያጽናዎት። ከዋናው ጥያቄ ልጀምርና፣ ለአሁኑ ከሁለቱ አንዱንም አይተዉ። ወጪው የግድ መቀነስ ካለበት የምክክሩን ቀጠሮ ማራራቅ ይቻላል፤ ክኒኑን ግን ከሐኪምዎ ጋር ሳይመክሩ በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ባለቤትዎ ያቀረቡልዎት ምርጫ ከክፋት የመጣ አይመስለኝም፤ ሁለቱ ሕክምናዎች አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፣ አንዱ ካለ ሌላው ትርፍ የሚሆን ስለ መሰላቸው ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው፤ ወደፊት የሚተዉበት ጊዜ ሲመጣም የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደሚቀር ቅደም ተከተል አለው።

ክኒኑ የሠራውን ሥራ ደብዳቤዎ ራሱ ይናገራል። ድባቴ ስሜትን ብቻ ሳይሆን እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ የማስታወስና የማሰብ ኃይልን ጭምር አብሮ የሚይዝ ሕመም ነው። ሰርትራሊን በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር አጠቃቀም ይለውጣል፤ ለውጡ ወደ ስሜት እስኪደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያዋ ዘንድ የሄዱበት ጊዜ ክኒኑ እየያዘ በመጣበት ወቅት ነበር ማለት ነው። ታስቦም ይሁን ሳይታሰብ፣ እንደ እርስዎ ሕመሙ ሥራ እስከ ማስተጓጎል ለደረሰበት ሰው ይህ መልካም አካሄድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን ያደረ፣ የተጠየቀውን ጥያቄ መልሶ ሳይጨርስ የሚጠፋበት ሰው ከአንድ ሰዓት ንግግር ይዞት የሚወጣው ጥቂት ነው፤ ለሳምንት የሚሰጠውንም የቤት ሥራ ለመጀመር ጉልበት አይኖረውም። ክኒኑ ያንን ጉልበት መለሰልዎ።

ክኒኑ ሊያደርግልዎ የማይችለው ደግሞ «ደርሼላት ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ሐሳብ መመርመር ነው። እንቅልፍ የሚመልስ መድኃኒት አለ፤ መንገድ በተዘጋበት ሳምንት እናቱ ያረፈችበት ልጅ በራሱ ላይ የፈረደውን ፍርድ የሚያነሣ መድኃኒት ግን የለም። በእኛ አገር ሐዘን የሚወጣው ሬሳ ፊት ቆሞ በማልቀስ፣ አፈር በማልበስ፣ ከዕድርተኛው ጋር ድንኳን ውስጥ በመቀመጥ፣ አርባውንና ተዝካሩን በማውጣት ነው። እርስዎ ከዚህ ሁሉ ዋናው አልፎብዎታል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ በየሳምንቱ ከእርስዎ ጋር የምትሠራው ሥራ በአብዛኛው እዚህ ላይ እንደሚሆን እገምታለሁ፦ በእጅዎ የነበረውንና በእጅዎ ያልነበረውን መለየት፣ ስለ እናትዎ ሳይሸሹ መናገር፣ ያልተሰናበቷትን እናት የሚሰናበቱበትን መንገድ መፈለግ፣ ከሐዘኑ ወዲህ የተዉዋቸውን ነገሮች፣ ለምሳሌ ማኅበሩን፣ ጓደኛን፣ ከልጆች ጋር መጫወትን፣ አንድ በአንድ መመለስ።

ይህ ከጎረቤት ማጽናኛ ወይም ከሽማግሌ ምክር የተለየ ነገር መሆኑን ባለቤትዎ ቢረዱልዎ መልካም ነው፤ «ለወሬ ነው እንዴ የምንከፍለው?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ቤት እንደሚነሣ አውቃለሁና። ለድባቴ በብዛት የሚሠራበት የንግግር ሕክምና አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ሲሆን፣ ሐሳብን፣ ስሜትንና ድርጊትን በሥርዓት እያያያዘ የሚመረምር፣ ግብ ያለው፣ የቤት ሥራ የሚሰጥበትና መጨረሻ ያለው ሕክምና ነው። ባለሙያዋ ጠዋት ከትምህርት ሰዓት በፊት በጣና ዳር ግማሽ ሰዓት ተራመጂ ብትልዎ፣ ለሽርሽር አይደለም፤ ድባቴ ሰውን ቤት በዘጋ ቁጥር ስሜቱ ይበልጥ ስለሚከብድ፣ ስሜት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ድርጊቱን አስቀድሞ መጀመር በራሱ የሕክምናው አካል ስለሆነ ነው። (ሐይቁ ብቻውን ድባቴን ያድናል የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሐይቁን እወደዋለሁ፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ግን የባሕር ዳር ሰው በድባቴ ባልታመመ ነበር።)

ሁለቱን ማጣመር የተሻለ እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ አንድ ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ በቆየ ድባቴ የተያዙ 681 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ ለ12 ሳምንት ተከታትሏል። ነፋዞዶን የተባለ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 48 በመቶዎቹ፣ የንግግር ሕክምና ብቻ ካገኙትም እንዲሁ 48 በመቶዎቹ ለሕክምናው ምላሽ ሲሰጡ፣ ሁለቱን አጣምረው ካገኙት ግን 73 በመቶዎቹ ምላሽ ሰጥተዋል። ነፋዞዶን በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ኋላ በብዙ አገሮች ከገበያ ወጥቷል፤ የእርስዎ ክኒን እርሱ አይደለም፣ ስለዚህም አይስጉ። ከዚያ ወዲህ በሌሎች መድኃኒቶች ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችም፣ መካከለኛና ከባድ ድባቴ ላይ ጥምረቱ ከአንዱ ብቻ እንደሚሻል ያሳያሉ።

ይሁን እንጂ ሁለት ሁልጊዜ ከአንድ ይበልጣል ብዬ ላታልልዎ አልፈልግም። ቀለል ላለ ድባቴ የንግግር ሕክምና ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ መድኃኒት መጨመር ጎጂ ጎኑን ብቻ ሊያተርፍ ይችላል። በድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ላይ በዚያው በ2000 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ኢሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት ከንግግር ሕክምና ጋር ያጣመሩ ሰዎች መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ፣ መድኃኒት ሳይወስዱ የንግግር ሕክምናውን ካገኙት ይልቅ መሻላቸው ያነሰ ጊዜ መዝለቁን አሳይቷል። እንደ ስኪዞፍሬንያና ባይፖላር ባሉት ሕመሞች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ መድኃኒቱ መሠረት ነው፣ ንግግሩ በላዩ የሚጨመር እንጂ የሚተካው አይደለም። ስለዚህ ይህን ዓምድ የሚያነብ ሌላ ሰው ለመምህርቷ የተባለውን ለራሱ ሳይጠይቅ እንዳይወስደው አሳስባለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። አምስተኛው ወር ላይ «በጣም ተሽሎኛል» ማለትዎ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ብዙ ሰው ክኒኑን የሚጥለው ግን ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ለድባቴ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ሰውየው ሙሉ በሙሉ ከተሻለው በኋላ ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል የሚመከረው፣ ቀድሞ የተቋረጠ እንደሆነ ሕመሙ ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ከፍ ስለሚል ነው። ቆጠራው የሚጀምረው የመጀመሪያው ክኒን ከተዋጠበት ቀን ሳይሆን ከተሻለዎት ጊዜ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሱስ ስለሚሉት፣ ሰርትራሊን እንደ ማረጋጊያው ዳያዜፓም የሚያስናፍቅና መጠኑ እየጨመረ የሚሄድ መድኃኒት አይደለም። ሰውነት ግን ይለምደዋል፤ በድንገት ሲቋረጥ መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽ፣ መነጫነጭ፣ የተዘባረቀ ሕልም፣ አልፎ አልፎም ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካ ዓይነት ስሜት ሊያመጣ ይችላል። ሰዎች ይህን ሲያዩ «ሱስ ሆኖብኛል» ወይም «ሕመሜ ተመለሰ» ይላሉ። ሐኪሙ በየሳምንታቱ መጠኑን ቀስ እያደረገ ሲቀንስ ይህ ስሜት ወይ አይመጣም ወይ ይቀላል።

የባለቤትዎ የገንዘብ ጥያቄ መልስ የሚያገኘውም እዚህ ላይ ነው። የንግግር ሕክምና ለዘላለም የሚከፈልበት ነገር አይደለም፤ ለድባቴ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 በሚሆን ክፍለ ጊዜ ያልቃል። እርስዎ ደግሞ ወደ ሦስት ወር ተኩል ያህል በየሳምንቱ ከሄዱ፣ የሚበልጠውን ክፍል አልፈውታል ማለት ነው። ባለሙያዋን ቀጠሮውን ወደ በየሁለት ሳምንት፣ ከዚያም ወደ በየወሩ እንድታራርቀው በግልጽ ይጠይቋት፤ ወጪውም በግማሽ ይቀንሳል። ነገር ግን የቀሩትን ክፍለ ጊዜዎች አሁኑኑ አይጨርሷቸው፤ ጥቂቱን ክኒኑ መቀነስ ለሚጀምርበት ጊዜ ያስቀሩ። የንግግር ሕክምና ካለቀ በኋላም የተማሩት ነገር አብሮ ይቆያል፤ ክኒኑ ግን የሚጠብቅዎ እስከወሰዱት ድረስ ነው። ስለዚህ ክኒኑ በሚቀንስበት ወራት ውስጥ፣ አሮጌው ሐሳብ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ የሚያይልዎ ሰው አጠገብዎ መኖር አለበት። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ ምክክሩን ይጨርሱና ክኒኑን ብቻ ይዘው ይቀራሉ፣ ከዚያ አንድ ቀን ተሰላችተው ማንም ሳያውቅ ይተዉታል።

ከሁሉ ያልወደድኩት ሁለቱ ባለሙያዎች ስለ ሌላው አለመጠየቃቸውን ነው። በአገራችን መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሳይካትሪስት ወይም በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ሌላ የጤና ባለሙያ ሲሆን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ መድኃኒት አያዝዝም። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ያለው ወረፋ ረጅም ስለሆነ ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ሰው ያለው ደቂቃ ጥቂት መሆኑን እረዳለሁ። ችግሩ ግን አንዱ የማያውቀውን ነገር ሌላው በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ሰርትራሊንና መሰሎቹ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ስሜትን ያደነዝዛሉ፤ ሐዘኑም ደስታውም ከሩቅ ይሰማል፣ ማልቀስ እስከማይቻል ድረስ። የእናትዎ ሙት ዓመት ሲደርስ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሲያለቅስ እንባዎ እምቢ ቢል፣ ለራስዎ «እናቴን ረስቻታለሁ» ሊሉ ይችላሉ፤ ስለ ክኒኑ ያልተነገራት ባለሙያም ነገሩን «ሐዘኗን እየሸሸች ነው» ብላ ልትይዘው ትችላለች። መንሥኤው ግን ምናልባት የክኒኑ መጠን ነው፤ ሐኪሙ ሊያስተካክለው ይችላል። በትዳር ውስጥ የሚመጣ የፍላጎት መቀዝቀዝም እንዲሁ ነው፤ የዚህ ዓይነት መድኃኒት የታወቀ ጎጂ ጎን ሆኖ ሳለ፣ ባል «ጠላችኝ» ብሎ የሚያኮርፍበት ቤት ጥቂት አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የክኒኑን ስም፣ የሚወስዱትን መጠንና የጀመሩበትን ቀን ጽፈው ለባለሙያዋ ይስጧት፤ እርሷም ከምን ዓይነት ችግር ጋር እየሠራችሁ እንደሆነ፣ ምን ያህል ክፍለ ጊዜ እንደቀረና ምን እንዳስተዋለች በጥቂት መስመር ለሐኪሙ እንድትጽፍልዎ ይጠይቋት። የነገሯት ምሥጢር መጻፍ የለበትም፤ ምን እንደምትጽፍም አስቀድማ ታሳይዎ። ባሕር ዳር ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ መሆኗ እንደሚያስፈራዎት ይገባኛል፤ ሐኪሙ የሚያስፈልገው ግን ታሪክዎ ሳይሆን ሁኔታዎ ነው።

ወደ አማትዎ ጉዳይ ስመጣ፣ ጸበል አይሂዱ አልልም። እምነትዎ ከሆነ የሚያጽናናዎትን መቀማት የማንም ሥራ አይደለም፤ አማትዎም ይህን ያሉት ስለሚወዱዎት ይመስለኛል። የምቃወመው «ክኒኑን ትተሽ» የሚለውን ነው። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ሁለቱ የማይጋጩ መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ቃል ለአማትዎ ማምጣት የሚቻል አይመስለኝም። ከመሄድዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ እርሳቸው «መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ተጠመቂ» ካሉ፣ የቤቱ ክርክር ግማሹ ያልቃል።

ከሄዱ ክኒኑ በቦርሳዎ ይሁን። ሰርትራሊን በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም የሚወሰድ ስለሆነ፣ ጾም ላይ ከሆኑ ሰዓቱን ወደ ማታ ለማዛወር ሐኪሙን መጠየቅ ይበቃል። ጸበሉ ሲጠጣ የሚያስመልስዎ ከሆነ ክኒኑን ከዚያ ሰዓት በደንብ ያርቁት፤ የተዋጠ ክኒን ወዲያው ከተመለሰ ጥቅም የለውም። ሁለት ሳምንት ምክክር ቢያልፍዎት ብዙ ጉዳት የለውም፤ ለባለሙያዋ አስቀድመው ይንገሯት እንጂ። ይህን ለሚያነቡ፣ ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም ለሚወስዱ ሰዎች ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ረጅም ጾም፣ ማስመለስና የሰውነት ውኃ መቀነስ የሊቲየምን መጠን በደም ውስጥ እስከ መመረዝ ሊያደርሰው ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያማክሩ ሱባኤ መግባት ለእነርሱ አደጋ ነው።

ጥቂት ነገር ላክል። ለወገብ ወይም ለጥርስ ሕመም ፋርማሲ ሲሄዱ ሰርትራሊን እንደሚወስዱ ይናገሩ፤ ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ከእርሱ ጋር አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ የጨጓራ መድማትን ዕድል ይጨምራሉ። አረቄና ጠላ ይቅርብዎት። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ከፋርማሲ እንደሚጠፋ እርስዎ ከማንም በላይ ስለሚያውቁ፣ ሐኪሙ የሚፈቅድልዎት ከሆነ የሁለት ሳምንት ክኒን ሁልጊዜ በእጅዎ ይኑር። መኖር የማስጠላት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ለባለቤትዎ ነግረው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ከባለቤትዎ ጋር ስላለው ክርክር፣ በሚቀጥለው የምክክር ቀጠሮ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ባለሙያዋ ፈቃደኛ ከሆነች የመጨረሻውን ሩብ ሰዓት አብረው ይቀመጡ። ባለቤትዎም ሕክምናው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀረው፣ መቼ ወደ በየወሩ እንደሚራራቅና በአጠቃላይ ገና ስንት ብር እንደሚከፈል ይጠይቋት። ቀጥሎ ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ ደግሞ ወረቀቱን ይዘው አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ «ተሽሎኛል ብለው የሚቆጥሩት ከየትኛው ወር ጀምሮ ነው፣ መቀነስስ መቼ እንጀምራለን?» የሚሰጥዎትን ወር ለባለሙያዋ ያስተላልፉላት፤ የቀሩትን ክፍለ ጊዜዎች ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥራ ታዘጋጃቸዋለች።